ኮፓኦ፦ ስለ ቺሊው ቁጥቋጦ ካክተስ በስህተት የምናስበው

ኮፓኦ በሰሜን ቺሊ፣ በተለይ በኮኪምቦ ክልል የሚበቅል ካክተስ ነው። ከሥሩ ጀምሮ ቅርንጫፍ ያበዛል። በተፈጥሮው ከቺሊ ውጪ የትም የለም። ዩሊክኒያ አሲዳ የሚለውን ሳይንሳዊ ስም በ1864 እ.ኤ.አ. ያወጣለት የዕፅዋት ተመራማሪው ፊሊፒ ነው። ስለዚህ ተክል የሚባሉ አንዳንድ ነገሮች መታረም አለባቸው።

«እኛም አገር እኮ ሞልቷል»

አይደለም። ሲቆረጥ ነጭ ወተት የሚያፈሰው የአገራችን ቁልቋል ከካክተስ ጋር የሥጋ ዝምድና የለውም። የተመሳሰሉት ሁለቱም ድርቅን ለመቋቋም ውሃ በግንዳቸው ስለሚያከማቹ ነው። የኮፓኦ እውነተኛ ዘመድ እሾሃማው በለስ ነው፤ እሱም ከአሜሪካ አህጉር የመጣ ነው።

«ፀሐይና አሸዋ ይበቃዋል»

የኮፓኦ አገር ደረቅ ነው። የክልሉ ዋና ከተማ ላ ሴሬና በአማካይ በዓመት ከ100 ሚሊ ሜትር የበለጠ ዝናብ አታገኝም፤ እሱም የሚጥለው በክረምታቸው ነው። ግን ባህሩ ቅርብ ነው። ሃምቦልት የሚባለው ቀዝቃዛ የባህር ጅረት አየሩን ያቀዘቅዘዋል፤ ካማንቻካ የሚሉት ጭጋግም ከባህሩ ተነስቶ ተራሮቹን ያለብሳል። በፍራይ ሆርሄ ብሔራዊ ፓርክ፣ በተራሮቹ ጫፍ ላይ ያለው ጫካ የሚኖረው በዚህ ጭጋግ ነው። ዝናብ ብቻ ቢሆን ኖሮ አይኖርም ነበር። ኮፓኦ ያለው ከጫካው በታች፣ ቁጥቋጦው መሃል ነው።

«ካክተሱ ላይ የሚታየው ደማቅ ቀይ አበባ የራሱ ነው»

ብዙ ጎብኚ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ እኔንም በጣም የሚገርመኝ ይኸው ነው። የኮፓኦ አበባ ነጭ ሆኖ ሮዝ ቀለም ጣል ያለበት ነው። ቀዩ አበባ ቅጠል የሌለው የተቀጥላ፣ ማለትም በሌላ ተክል ላይ ተጠግቶ የሚኖር ተክል፣ አበባ ነው። ቴንካ የምትባል ወፍ የተቀጥላውን ፍሬ ትበላለች፤ ከዚያ ካክተሱ ላይ አርፋ ዘሩን ከኩሷ ጋር ትጥላለች። ዘሩ የሚያጣብቅ ስለሆነ እሾሁ ላይ ተለጥፎ ይቀራል። ከዚያ ቀጭን ሥር አውጥቶ ግንዱን ፍለጋ ይዘረጋል። ቆዳው ጋ ከደረሰ ይበሳውና ውስጥ ገብቶ ይኖራል። ውጭ የምናየው አበባውንና ፍሬውን ብቻ ነው።

ስለዚህ እሾህ ከፍየል አፍ መከላከያ ብቻ አይደለም። በረጅም እሾህ ጫፍ ላይ የቀረ ዘር ቆዳው ጋ ሳይደርስ ሊደርቅ ይችላል። ተቀጥላው የካክተሱን ውሃና ምግብ ይወስዳል፤ እውነት ነው። ቢሆንም ነቅሎ መጣል ተገቢ አይመስለኝም። በዚያ ደረቅ አገር አበባው የአበባ ወለላ ለምትመጥጠው ትንሽ ወፍ ለሃሚንግበርድ፣ ፍሬው ለቴንካ ምግብ ነው።

«ውስጡ ውሃ ብቻ ነው»

እንጨትም አለው። ሲነቀነቅ የዝናብ ድምፅ የሚያሰማው ዱላ ከደረቀ የኮፓኦ ግንድ ይሠራል፤ እሾሁን ወደ ውስጥ መትተው ትንንሽ ጠጠር ይጨምሩበታል።

«ፍሬው አይበላም»

ይበላል፣ ይወደዳልም። ጎምዛዛና ውሃ የሞላበት ነው፤ ላዩም እንደ በለስ በደቃቅ እሾህ አያሰቃይም። በኤልኪ ሸለቆ መንገድ ዳር ይሸጣል። ጭማቂ፣ ማርማላታና አይስክሬምም ይሠሩበታል።