ፕሌይባክ ዘፈን ምንድን ነው? ከድሮ የህንድ ፊልሞች ጀርባ ያሉት ድምፆች

በድሮ የህንድ ፊልም ተዋናዩ ዛፍ ተደግፎ ሲዘፍን የምንሰማው ድምፅ አብዛኛውን ጊዜ የእሱ አይደለም። ዘፈኑ አስቀድሞ ስቱዲዮ ውስጥ በሌላ ሰው ተቀድቷል። ቀረጻው ቦታ ላይ ቅጂው በድምፅ ማጉያ ይለቀቃል፣ ተዋናዩ ከንፈሩን ከግጥሙ ጋር እያስማማ ይጫወታል። ፕሌይባክ የሚባለው ይኸው ነው። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ከእሱ የወጣው ሙዚቃ ግን ዛሬም ስሰማው ሆዴን ያባባዋል።

መጀመሪያ ላይ እንዲህ አልነበረም። የመጀመሪያው ድምፅ ያለው የህንድ ፊልም «አላም አራ» በ1931 ሲወጣ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው) ተዋንያኑ ራሳቸው ነበሩ የሚዘፍኑት። ሙዚቀኞቹም ካሜራ ውስጥ እንዳይገቡ ተደብቀው እዚያው ይጫወቱ ነበር። በ1935 ካልካታ ያለው ኒው ቲያትርስ ስቱዲዮ ዘፈንን ለብቻ ቀድቶ ፊልም ላይ ማዋል ጀመረ። እንደ ኬ ኤል ሳይጋል ያሉ እየተወኑ የሚዘፍኑ ሰዎች ለጊዜው ቢቆዩም፣ በ1940ዎቹ መጨረሻ ሜዳውን የያዙት ፊታቸው የማይታይ ዘፋኞች ናቸው።

ፊታቸው ብቻ አይደለም፣ ስማቸውም አይታይም ነበር። በ1949 «ማሃል» የሚባል ፊልም ወጣ፤ ተዋናይቷ ማድሁባላ እንደ መንፈስ ብቅ ጥልቅ የምትልበት ነው። ዘፈኑ ከሩቅ እየቀረበ የሚመጣ እንዲመስል፣ ያኔ ወጣት የነበረችው ላታ ማንጌሽካር ከማይክሮፎኑ ርቃ ጀምራ ቀስ እያለች እየተጠጋች ነው የዘፈነችው። ሸክላው ሲታተም ግን የተጻፈበት «ካሚኒ» የሚል ስም ነው፣ የገጸ ባሕሪዋ ስም! አድማጮች የዘፋኟን ማንነት ለማወቅ ሬዲዮ ጣቢያውን አጨናነቁት፣ ስሟም በዚያ ታወቀ። ላታ ይህን ነገር ዝም ብላ አላለፈችውም። በ1957 ፊልምፌር የሚባለው የህንድ የፊልም ሽልማት ለሙዚቃ ደራሲ እንጂ ለዘፋኝ ሽልማት ስላልነበረው ሥነ ሥርዓቱ ላይ አልዘፍንም አለች። በ1959 የዘፋኝ ሽልማት ተጀመረ፣ የመጀመሪያውንም የወሰደችው እሷ ነች። ይገባታል።

አሁን ወደምወደው ነገር ልምጣ። ጥሩ የፕሌይባክ ዘፋኝ በጉሮሮው ይተውናል። ለዚህ ከመሐመድ ራፊ የተሻለ ምሳሌ የለኝም። የ1957ቱን የጉሩ ዱት ፊልም «ፕያሳ»ን ውሰዱ። ኮሜዲያኑ ጆኒ ዎከር ቅባት ይዞ መንገድ ለመንገድ እየዞረ የሰው ራስ ያሻል፤ ሲዘፍን ድምፁ ውስጥ ተንኮል አለ፣ ሳቅ አለ፣ ደንበኛ የሚጠራ የገበያ ሰው አለ። እዚያው ፊልም መጨረሻ አካባቢ ደግሞ ሞቷል የተባለው ገጣሚ የራሱ መታሰቢያ በሚደረግበት አዳራሽ በር ላይ ይቆማል። ለራሱ እንደሚያጉረመርም ሰው በዝግታ ይጀምራል፣ ይህ ዓለም ቢገኝስ ምን ይረባል እያለ ቀስ በቀስ ከፍ ይልና መጨረሻ ላይ አቃጥሉት ብሎ ይጮኻል፣ ሰውነትን ይወርራል። ሁለቱም ራፊ ነው። አንድ ፊልም፣ አንድ ጉሮሮ፣ ሁለት ፈጽሞ የማይገናኙ ሰዎች። ሙዚቃው የኤስ ዲ በርማን፣ ግጥሙ የሳሂር ሉድሂያንቪ ነው።

አንዳንዱ ድምፅ ደግሞ ከአንድ ፊት ጋር ተጣብቆ ይቀራል። ዘፋኙ ሙኬሽ የተዋናዩ ራጅ ካፑር ድምፅ ነበር፤ በ1976 ሲሞት ራጅ ካፑር ድምፄን አጣሁ ብሎ አዝኗል። ከ1969ኙ «አራድሃና» ወዲህ ተዋናዩ ራጄሽ ካና ያለ ዘፋኙ ኪሾር ኩማር አይታሰብም። ለጨፋሪዋ ሄለን ደግሞ ዘፋኟ አሻ ቦስሌ አለችላት።

ጉዳትም ነበረው። ላታ በጣም ስለተፈለገች ለብዙ ዓመታት የፊልም ጀግኒቶች ሁሉ ድምፃቸው አንድ ዓይነት ሆነ። ላታን እወዳታለሁ፣ ግን እንደ ጊታ ዱት ያለ ጭስ ጭስ የሚል፣ የተሰበረ ድምፅ የበለጠ ቦታ ቢያገኝ ምን ነበረበት እላለሁ።

እኛም ሀገር የህንድ ፊልም በሲኒማ ቤት፣ በኋላም በቪዲዮ ቤት ስንቱን አስለቅሷል። ሂንዲ ሳይችል ዜማውን በቃሉ የሚያወርድ ሰው በየሰፈሩ ነበር። የምናውቀው ግን የተዋንያኑን ስም ነው፣ በእውነት ሲዘፍን የሰማነው ማን እንደሆነ ብዙዎቻችን ጠይቀን አናውቅም። አሁን ዩቲዩብ ላይ ሁሉም አለ። የምትወዱትን የድሮ ዘፈን ስትከፍቱ ከሥሩ የተጻፈውን የዘፋኝ ስም አንብቡና በዚያ ስም ሌላ ፈልጉ። ከየት ልጀምር ለሚል፣ ከራፊ ጀምሩ፣ ከሁለቱ የ«ፕያሳ» ዘፈኖች፣ አንዱን ከአንዱ አስከትላችሁ።