ቀሪቦ ምንድን ነው? «ያልፈላ ጠላ» አይደለም

«ቀሪቦ ማለት ያልፈላ ጠላ ነው፤ አልኮል ብሎ ነገር የለውም።» ይህች አባባል በአንድ ሰሞን ሦስት አራት ቦታ ስትደጋገም ዝም ብሎ ማለፍ ከበደ። ቀሪቦ ጠላ አይደለም፤ ይፈላል ደግሞ። «አልኮል የለውም» የሚለው እንደ ሰዓቱ ነው፣ እንመለስበታለን። ስሙን አንዳንዱ ቅሪቦ፣ አንዳንዱ ከሪቦ ብሎ ይጽፈዋል፤ በዚህ ማንንም አልጣላም።

ጣጣው የሚጀምረው ከቃሉ ነው። አማርኛችን የተጣደ ውሃ ሲንተከተክም «ፈላ» ይላል፣ ጋን ውስጥ ያለ ጠላ አረፋ ሲያወጣም «ፈላ» ይላል። ቀሪቦ በሁለቱም መንገድ ነው የሚፈላው፤ መጀመሪያ ድስት ውስጥ በእሳት፣ ቀጥሎ ጀሪካን ውስጥ በእርሾ። የእሳቱን ብቻ ያየ «የፈላ ውሃ ነው፣ ምን አልኮል አለው?» ይላል። የእርሾውን ያላየ ደግሞ «ያልፈላ» ይለዋል። ከዚህ በኋላ የእሳቱን ሥራ ማፍላት፣ የእርሾውን ሥራ መብላላት እያልኩ ልቀጥል።

ጠላ ጌሾና ብቅል ይገባበታል፤ ጥንስስ አለው፣ ድፍድፍ አለው፣ ቀናት ይፈጃል። በቀሪቦ ከነዚህ አንዱም የለም። ቀሪቦ የተቆላ ገብስ፣ ውሃ፣ ስኳርና የዳቦ እርሾ ነው፤ ማታ ተጥሎ በማግስቱ ይጠጣል። ሰውን የሚያሳስተው ቀለሙ ነው፣ ጠላም አሻሮ ገብቶበት ይጠቁራልና። «ጌሾ የተቀነሰበት ጠላ ነው» ብሎ የተከራከረ አስተያየት ሰጪ አለ። ጌሾው ቢወጣ ብቅሉ ይቀራል፤ ብቅል ያለበት መጠጥ ደግሞ ጣፋጩን ከእህሉ ያወጣል። ቀሪቦ ከእህሉ የሚያወጣው ጣፋጭ የለውም። ዋናው ልዩነት እዚህ ጋ ነው፣ ማንም ግን ሲያነሣው አይሰማም።

ገብስን እንደ ተለሰነ ጎተራ እንየው። ውስጡ ስታርች ሞልቷል፤ ስታርች ግን ምላስ ላይ አይጣፍጥም፣ እርሾም አይበላውም። ገብሱ ተነክሮ ጎንቁሎ ብቅል ሲሆን ፍሬው ራሱ የጎተራውን ቁልፍ ይሠራል። ቁልፉ ኢንዛይም ነው፤ ስታርቹን እየቆራረጠ ስኳር ያደርገዋል። ጠላ ውስጥ ብቅል የሚገባው የራሱን ብቻ ሳይሆን የጎረቤቱን የእንኩሮውንም (ምጣድ ላይ የታመሰውን የዱቄት ሊጥ) ጎተራ እንዲከፍት ነው። ለቀሪቦ የምንቆላው ገብስ ግን አልበቀለም። ከተፈጥሮው ጥቂት ኢንዛይም ቢኖረው እንኳ ከ80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ አይቆይም፣ ምጣዱ ደግሞ የዚህን እጥፍ ይሞቃል። ቁልፉ ምጣድ ላይ ቀለጠ፤ ጎተራው እንደተለሰነ ቀረ። ከገብሱ የምናገኘው ቀለም፣ መዓዛና ትንሽ መረር የሚል ጣዕም ነው። ጣፋጩ በሙሉ ከሱቅ የተገዛ ስኳር ነው።

እርሾው ደግሞ ለደቦ የተጠራ ሰው ነው። ጎተራ መክፈት አይሆንለትም፤ የቀረበለትን ግን እስኪያልቅ ይበላል። የሚበላው ስኳሩን ነው፣ ትቶት የሚሄደው አልኮልና ጋዝ። ሌሊቱን ሲበላ አድሮ ጠዋት ጣዕሙ ይቀንሳልና ስኳር ይጨመርበታል፤ ይህ ትክክለኛ የቀሪቦ አሠራር ነው። ስሕተቱ «ስኳር ሲገባበት አልኮሉ ይጠፋል» ማለት ነው። ለደቦው ሁለተኛ መሶብ መጣለት እንጂ ምንም አልጠፋም። ፍሪጅ ውስጥ ማስገባትም ማስተኛት እንጂ ማሰናበት አይደለም። በጨርቅ ማጥለልም አያስወጣውም፤ አንድ የእርሾ ሴል ከ5 እስከ 10 ማይክሮን (የሚሊ ሜትር ሺሕኛ) ስለሆነ ነጠላ ቀርቶ ጥሩ አቡጀዲም አይዘውም። (ምሳሌው እዚህ ላይ ይደክማል። የደቦ ሰው በልቶ አይባዛም፣ እርሾ ይባዛል።)

ወደ ቁጥሩ እንምጣ። 1 ግራም ስኳር ሙሉ በሙሉ ሲብላላ ግማሽ ግራም ያህል አልኮል ይወጣዋል። በሊትር 100 ግራም ስኳር ገብቶ ሌሊቱን 20 ግራሙ ቢበላ 10 ግራም አልኮል አለ ማለት ነው፤ በይዘት ሲሰላ 1.3 በመቶ ገደማ። ይኸው ፈሳሽ ሞቃት ክፍል ውስጥ ተረስቶ 100 ግራሙም ቢያልቅ ከ6 በመቶ ያልፋል፣ ብዙ ቢራ የማይደርስበት። በሁለቱም ቀን ስሙ ቀሪቦ ነው። ስለዚህ «ቀሪቦ ስንት በመቶ ነው?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ «መቼ ተጣለ? የት ተቀመጠ?» የሚል ሌላ ጥያቄ ነው።

«ከልጅነቴ ጀምሮ እጠጣለሁ፣ ሰክሬ አላውቅም» የሚል ክርክርም ይመጣል። በ1 በመቶ ለመስከር ሆድ አይበቃም፤ አለመስከር ግን የዜሮ ማስረጃ አይሆንም። ሌላው በሪፍራክቶሜትር (ብርሃን ፈሳሹ ውስጥ ሲታጠፍ አይቶ ስኳር በሚገምት መሣሪያ) ለክቶ «ስኳሩ እንዳለ ነው፣ አልተብላላም» ይላል። ይህ መሣሪያ አልኮል ባለበት ፈሳሽ ውስጥ ስኳሩን አብዝቶ ያነባል። መለካት የፈለገ ሃይድሮሜትር (ፈሳሹ ላይ ተንሳፍፎ ጥግግቱን የሚያሳይ መሣሪያ) ይዞ እርሾው ከመግባቱ በፊት አንድ ጊዜ፣ ሲጠጣ አንድ ጊዜ ይለካ፣ በመሐል ስኳር ሳይጨምር። ቀሪቦን ከሚመርጡት ብዙዎቹ በሃይማኖታቸው ምክንያት መጠጥ የማይቀምሱ ናቸው። ይፈቀዳል አይፈቀድም የሚለውን የሃይማኖት አባቶችና ዑለማዎች ይመልሱት፤ እነሱም ቢሆኑ የሚፈርዱት የተነገራቸውን ቁጥር ይዘው ነው፣ ቁጥሩ ደግሞ ዜሮ አይደለም።

በእርግጥ ዜሮ የሚፈልግ ሰው እርሾውን ይተው። የተቆላውን ገብስ አፍልቶ፣ አጥልሎ፣ ስኳር ጨምሮ አቀዝቅዞ ይጠጣ። ጃፓኖች ያለ ስኳር ሙጊቻ የሚሉት የገብስ ሻይ ይህ ነው። ደህና መጠጥ ነው፤ ጉሮሮ የሚቆነጥጠው ጋዝ ስለሌለው ግን ቀሪቦ አይባልም።

አሁን ስለ አሠራሩ፣ ብዙ ጊዜ ስለሚበላሽባቸው ቦታዎች ብቻ። ለ5 ሊትር ቀሪቦ 250 ግራም ገብስ ይበቃል፤ የሚተነውና ገብሱ የሚጠጣው ስላለ ከ6 ሊትር ውሃ መነሣት ነው። ገብሱ ታጥቦ በደንብ ይድረቅ፤ እርጥቡ ከተቆላ ውጩ ሲያርር ውስጡ ነጭ ሆኖ ይቀራል። መካከለኛ እሳት ላይ እጅ ሳይቆም ይማሰላል። ማወቂያው አንድ ፍሬ በጥርስ መስበር ነው፤ ውስጡም የተቆላ ቡና መልክ ከያዘ ይውረድ። ከዚያ ካለፈ ከሰል ነው፣ ያንን መራራ ስኳር አይሸፍነውም።

ከዚያ ሸርከት ይደረጋል እንጂ አይላምም። ዱቄት ከሆነ ስታርቹ በፈላው ውሃ አብጦ ፈሳሹን አጥሚት ያደርገዋል፤ በጨርቅም አይወርድም። 20 ደቂቃ ማፍላት በቂ ነው። አዲስ አበባ ላይ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፣ ለዚህ ሥራ ያም ይበቃል።

ብዙው ቀሪቦ የሚሞተው ከዚህ ቀጥሎ ነው። ጥድፊያ ይመጣና እርሾው ገና ሲፋጅ ይገባል። ከ50 ዲግሪ በላይ የዳቦ እርሾ ይሞታል፤ ጠዋት የሚገኘው ጋዝ የሌለው ጣፋጭ ጥቁር ውሃ ነው። ያኔ ደንግጦ ሁለተኛ ዙር እርሾ መጨመር ይመጣል፣ መጠጡም እርሾ እርሾ ይሸታል። ድስቱን በእጅ ነክተው ለብ ብሎ ሲሰማ፣ ማለትም 30 ዲግሪ አካባቢ፣ 300 ግራም ስኳርና አንድ ለጥ ያለ የሻይ ማንኪያ (3 ግራም ገደማ) ደረቅ እርሾ ይግባ። እርሾ ማብዛት ጋዙን ያፈጥናል፣ ጣዕሙን ግን አያሳምርም።

ሰዓቱን አገሩ ይወስነዋል። በክረምት አዲስ አበባ ማታ 2 ሰዓት የተጣለ ጠዋት 2 ሰዓት ገና ላይደርስ ይችላል። እንደ ድሬዳዋ ባለ ሙቀት የዚያ ሰዓት ግማሹ ይበቃዋል፤ እርሾ በየ10 ዲግሪው ፍጥነቱን ወደ እጥፍ ይጠጋልና። የደጋ አሠራር ቃል በቃል ይዞ ቆላ የወረደ ሰው ጠዋት የሚያገኘው ሌላ መጠጥ ነው። ክዳኑ ላላ ይበል። ሃይላንድ ጠርሙስ ውስጥ ሞልቶ፣ ስኳር ጨምሮ፣ ክዳኑን አጥብቆ ለሽያጭ ፀሐይ ላይ መደርደር ፈንጂ መደርደር ነው፤ ጠርሙሱ ማበጥ ሲጀምር ውስጡ ስኳሩ እየተበላ ነው። ጠዋት ሥሩ ላይ የተቀመጠው አተላ ሳይነቃነቅ ይገለበጥና እስከ 200 ግራም ስኳር ይጨመርበታል። በዚያው ቀን ይጠጣ። በሁለተኛው ቀን ባክቴሪያዎቹ ያኮመጥጡታል፤ ጠላ ውስጥ የተወሰኑትን የሚያዘገየው ጌሾ እዚህ የለም።

ሳልጠየቅ አንድ ነገር፦ በዚህ መጠን የተሠራ አንድ የ250 ሚሊ ሊትር ብርጭቆ 20 ግራም ያህል ስኳር ይዟል። «የባህል ነው፣ ለስኳር ሕመምተኛ ይስማማል» የሚለው ምክር ከየት እንደመጣ እንጃ። ግሉተን የማይስማማውም ገብስ መሆኑን አይርሳ።

ሌላው ያሰለቸኝ ጣፋጭና አገርኛ የሆነውን ሁሉ «የቀሪቦ ዓይነት» ማለት ነው። ብርዝ ማርና ውሃ ነው፣ እህል የለበትም። ተልባ ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ በውሃ ተበጥብጦ ማር ወይም ስኳር የሚገባበት የጾም መጠጥ ነው፤ እርሾ አያውቅም። የሱፍ ውሃም እንዲሁ (ሱፍ ስል የአገራችንን እሾሃማውን ማለቴ ነው፣ የፈረንጁን ሱፍ አይደለም)። ቦርዴ የደቡቡ ወፍራም መጠጥ ነው፣ በብቅል የሚሠራ፣ ገና እየተብላላ ሳለ የሚጠጣ፣ ለብዙ ሰው ምሳም የሚሆን፤ እሱ ጎተራውን ከፍቶ ነው የሚሠራው። የጎንደሩ ኮረፌ ገብስ ቢሆንም ጌሾ ስላለበት ዘመዱ ጠላ ነው።

ሻሜታ ደግሞ ራሱን የቻለ ወጥመድ ነው። ምዕራብ ወለጋ ላይ ሻሜታ ለአራስና ለምታጠባ እናት የሚዘጋጅ ወፍራም የእህል ምግብ ነው። ሌላ ቦታ በዚሁ ስም የሚሸጠው ከተቆላ ገብስ ዱቄት፣ ከተልባና ከቅመም ተበጥብጦ፣ ከትናንቱ በተረፈው ተጠንስሶ የሚያድር ነው፤ ጨውም ይገባበታል። «ቀሪቦ ከሌለ ሻሜታ ስጡኝ፣ አንድ ናቸው» ብሎ ያዘዘ ሰው የመጀመሪያውን ጉንጭ ሲይዝ ፊቱን ማየት ነው።