በሕክምና ቱቦዎች ስለሚመጣ ኢንፌክሽን፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

«የሽንት ቱቦው ይቆይለት፤ ታካሚው እንዳይንገላታ።»

ይህ በቅን ልቦና የሚባል ነው፤ ከሁሉም የሚያሳስበኝ ግን እሱ ነው። ካቴተር (የሽንት ማውጫ ቱቦ) በገባ በእያንዳንዱ ቀን ሽንት ውስጥ ባክቴሪያ የመገኘቱ ዕድል ከ3 እስከ 7 በመቶ ይጨምራል። ባክቴሪያዎቹ የቱቦው ግድግዳ ላይ ተጣብቀው የሚያሟልጭ ሽፋን ይሠራሉ፤ ከሽፋኑ ሥር ያሉትን አንቲባዮቲክም ሆነ የሰውነት መከላከያ በቀላሉ አያገኛቸውም። ስለዚህ በየማለዳው «ቱቦው ዛሬም ያስፈልጋል ወይ?» ተብሎ መጠየቅ አለበት። ሐኪሙ ከዘነጋ ነርሷ ታስታውስ፤ አስታማሚም ቢጠይቅ ድፍረት አይደለም። ብዙ ቱቦ ሳይወጣ የሚሰነብተው የሚያስታውሰው ሰው ጠፍቶ ነው።

«ጓንት ካጠለቁ እጅ መታጠብ ትርፍ ሥራ ነው።»

አይደለም። ጓንት ሳይታወቅ ሊቀደድ ይችላል፤ ሲወልቅም እጅን ይበክላል። ከማጥለቅ በፊትም ከማውለቅ በኋላም እጅ ይጸዳል።

«አንቲባዮቲክ አስቀድሞ መስጠት ይከላከላል።»

ቱቦ ስለገባ ብቻ መድኃኒት መጀመር አይመከርም፤ መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎችን ያበራክታል። ሽንት መደፍረሱ ወይም መሽተቱ ብቻውን የኢንፌክሽን ማረጋገጫ አይሆንም። ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ከእምብርት በታች ሕመም ወይም ድንገተኛ የአእምሮ መደናገር ሲኖር ግን ሳይዘገዩ መመርመር ያሻል።

«የሽንት ከረጢቱ የትም ቢቀመጥ ለውጥ የለውም።»

ሁልጊዜ ከሽንት ፊኛ በታች ይንጠልጠል፣ ወለል ግን አይንካ። ታካሚውን ከክፍል ወደ ክፍል ሲወስዱ ከረጢቱን ሆዱ ላይ ማሳረፍ የተለመደ ስህተት ነው፤ የቆየው ሽንት ወደ ፊኛ ይመለሳል። ቱቦውና ከረጢቱ የሚጋጠሙበትን ቦታም ያለ ምክንያት መክፈት አይገባም።

«ጽኑ ሕሙማን ክፍል የገባ ሰው ኢንፌክሽን አይቀርለትም።»

በአሜሪካ በሚቺጋን ግዛት ከ100 በላይ የጽኑ ሕሙማን ክፍሎች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ ጥናት ይህን አፍርሶታል። በትልልቅ የደም ሥሮች በሚገቡ ቱቦዎች ሳቢያ የሚመጣው የደም ኢንፌክሽን እስከ 66 በመቶ ቀንሷል። አዲስ መድኃኒት አልተጠቀሙም። እጅ ታጠቡ፤ ቱቦ ሲያስገቡ ታካሚውን ሙሉ በሙሉ ከጀርም በጸዳ ጨርቅ ሸፈኑ፤ ቆዳውን ክሎርሄክሲዲን በተባለ ጀርም ገዳይ አጸዱ፤ በተቻለ መጠን የብሽሽትን ደም ሥር ተዉ፤ የማያስፈልገውን ቱቦ አወጡ። ከእነዚህ አንዱ ከተዘለለ፣ ድንገተኛ ሁኔታ ካልሆነ በቀር፣ ቱቦውን የሚያስገባው ባለሙያ ሥራውን እንዲያቆም ይደረግ ነበር።