የኦፕን ሶርስ ፕሮጀክት ድረ ገጽ ምንድን ነው? አዲስ ተጠቃሚን የሚስበው ወይም የሚያርቀውስ እንዴት ነው?

የኦፕን ሶርስ ፕሮጀክት ድረ ገጽ ማለት፣ ኮዱ ለማንም ክፍት የሆነ ሶፍትዌር ከዚህ በፊት ሰምቶት ለማያውቅ ሰው ምንነቱን የሚገልጽበት፣ የሚጫነውን ፋይል የሚያስረክብበትና አጠቃቀሙን የሚያስረዳበት ይፋዊ አድራሻ ነው። ኮዱ የሚቀመጥበትና ገንቢዎቹ የሚሠሩበት ቦታ፣ ለምሳሌ ጊትሃብ ወይም ጊትላብ፣ ከዚህ የተለየ ነው። ብዙ ትንንሽ ፕሮጀክቶች ግን ሁለቱን አንድ ስለሚያደርጓቸው፣ ፕሮግራሙን ጭኖ ሥራውን ለመሥራት ብቻ የመጣው ሰው የፋይሎችና የአቃፊዎች ዝርዝር ይጠብቀዋል፤ የቱን ተጭኖ ምን እንደሚያገኝ ሳይገባው ይመለሳል።

ድረ ገጹ ይህን ያህል ክብደት ያገኘበት ምክንያት ግልጽ ነው። የንግድ ሶፍትዌር ብዙ ጊዜ ከአዲስ ኮምፒውተር ጋር ተጭኖ ይመጣል፤ ማስታወቂያ ይሠራለታል፤ የሚሸጠውም ሰው አለው። በበጎ ፈቃደኞች የሚሠራ ሶፍትዌር ግን ከአፍ ወደ አፍ ከሚተላለፈው ወሬ በቀር ስለ እርሱ የሚናገርለት ገጹ ብቻ ነው። አዲሱ ሰው የሶፍትዌሩን ጥራት ገና አላየም፤ ሊመዝን የሚችለው ፊቱ ያለውን ገጽ ነው፤ በዚያም ላይ ምን እንደሚሠራለት፣ ለእርሱ ኮምፒውተር ይሁን አይሁን፣ የትኛውን ፋይል እንደሚያወርድና አድራሻው እውነተኛው መሆኑን ለማወቅ ይፈልጋል። በፓሪስ አቅራቢያ የሚገኝ የምህንድስና ትምህርት ቤት ተማሪዎች በ1996 የጀመሩት (እዚህ የተጠቀሱት ቀናት፣ ወራትና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የቪዲዮ ማጫወቻው ቪኤልሲ ይህን በአጭሩ ይመልሳል፤ ገጹ የጎብኚውን ኦፕሬቲንግ ሲስተም ራሱ ለይቶ፣ ትክክለኛውን ፋይል በአንድ ትልቅ ብርቱካናማ ቁልፍ ላይ ያቀርብለታል።

ነገሩ እንዲህ ቀላል የማይሆንበትን ሁኔታ ለማየት ከዴቢያን የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። ዴቢያን በ1993 የተጀመረ፣ ኡቡንቱን ጨምሮ ብዙ የሊኑክስ ስርጭቶች (በሊኑክስ ላይ ተመሥርተው የተዘጋጁ ኦፕሬቲንግ ሲስተሞች) የተገነቡበት ኦፕሬቲንግ ሲስተም ነው። መነሻ ገጹ ለረጅም ዘመን በጽሑፍና በሊንክ የተሞላ፣ ፕሮጀክቱን አስቀድሞ ለሚያውቅ ሰው የሚመች ነበር። በታኅሣሥ 2020 ይፋ የሆነው አዲሱ መነሻ ገጽ ግን ሶፍትዌሩ ምን እንደሆነ በአጭሩ የሚናገርና የማውረጃ ቁልፉን ጎላ አድርጎ የሚያሳይ ሆነ። ሆኖም ቁልፉን የተጫነ ሰው የሚያገኘው ፋይል በስሙ ውስጥ «ኤኤምዲ64» የሚል አለበት፤ ላፕቶፑ የኢንቴል ፕሮሰሰር ያለው ጀማሪ ደግሞ ይህን ሲያይ «የእኔ አይደለም» ብሎ ቢተወው አይፈረድበትም። ፋይሉ ለኢንቴልም የሚሠራ ነው፤ ስያሜው የቀረው ባለ 64 ቢቱን አሠራር ቀድሞ ያወጣው ኤኤምዲ የተባለው የፕሮሰሰር አምራች ስለሆነ ነው።

ከስያሜው የከፋው ግን ከቁልፉ ጀርባ ያለው ነገር ነበር። ይፋዊው የመጫኛ ፋይል አነስ ያለ ሲሆን፣ የቀረውን ክፍል በመጫን ላይ ሳለ ከኢንተርኔት ያመጣል። ኢንተርኔት ለማግኘት ዋይፋዩ መሥራት አለበት፤ ብዙዎቹ የዋይፋይ ካርዶች ደግሞ እንዲሠሩ ፈርምዌር የተባለ፣ አምራቹ ኮዱን ያልከፈተው ትንሽ ፕሮግራም ይፈልጋሉ። ዴቢያን ኮዱ ክፍት ያልሆነን ነገር በይፋዊው ፋይል ውስጥ አላካትትም የሚል አቋም ስለነበረው፣ የኬብል መሰኪያ የሌለው ላፕቶፕ የያዘ ጀማሪ ትልቁን ቁልፍ ተጭኖ፣ ዳታውን ከፍሎ ያወረደው ፋይል መሐል መንገድ ላይ ኔትወርክ አጥቶ ይቆምበት ነበር። ፈርምዌሩን የያዘ ሌላ ፋይል በዚያው በፕሮጀክቱ ሰርቨር ላይ ነበር፤ ግን «ይፋዊ ያልሆነ» ተብሎ ከመነሻ ገጹ ርቆ ስለተቀመጠ፣ የሚያገኘው መኖሩን አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው ነበር። ያን ጀማሪ «ሊኑክስ በእኔ ኮምፒውተር አይሠራም» የሚል መደምደሚያ ላይ ያደረሰው እንግዲህ የገጹ አቀማመጥ ነው ማለት ይቻላል።

እዚህ ላይ ስለ ድረ ገጽ ማሳመር የሚነገረው ሁሉ ድንበሩን ያገኛል። የተዋበው ቁልፍ ሰውን ወደማይሠራለት ፋይል በፍጥነት ከማድረስ ያለፈ ምንም ሊያደርግ አልቻለም። መፍትሔው የመጣው ከዲዛይን ሳይሆን ከድምፅ አሰጣጥ ነው፤ የፕሮጀክቱ አባላት በ2022 ፈርምዌሩ በይፋዊው ፋይል ውስጥ እንዲካተት በድምፅ ወሰኑ፤ በሰኔ 10 ቀን 2023 የወጣው ዴቢያን 12 ይህን ይዞ ወጣ። ከመርሕ አንጻር የተቃወሙት ሰዎች ነበሩ፤ ክርክራቸውም ቀላል አልነበረም። ለእኔ ግን ሁለት ፋይል አዘጋጅቶ የሚሠራውን መደበቅ መርሕን መጠበቅ ሳይሆን ዋጋውን በማያውቀው ሰው ላይ መጫን ነበር።

የታወቀ ድረ ገጽ ሥራው ወደ ሌላ ቦታ ከሄደ በኋላም ተጠቃሚን መሳቡን እንደሚቀጥል የሚያሳየው ደግሞ የጽሑፍና የሰንጠረዥ ማዘጋጃው የኦፕን ኦፊስ ታሪክ ነው። ኦራክል የተባለው ኩባንያ የኦፕን ኦፊስ ባለቤት የነበረውን ሰን ማይክሮሲስተምስን በ2010 ከጠቀለለ በኋላ፣ ስጋት የገባቸው ገንቢዎች በዚያው ዓመት መስከረም መጨረሻ ተነጥለው ሊብሬ ኦፊስን መሠረቱ፤ ስሙና አድራሻው ግን ከኦራክል ጋር ቀረ፤ በ2011 ወደ አፓቺ ሶፍትዌር ፋውንዴሽን ተዛወረ። ከዚያ ወዲህ ሊብሬ ኦፊስ በየዓመቱ አዳዲስ ዋና ሥሪቶችን ሲያወጣ፣ የኦፕን ኦፊስ የመጨረሻው ጉልህ ሥሪት በ2014 የወጣው 4.1 ነው፤ ከዚያ በኋላ የወጡት በአብዛኛው ጥገናዎች ናቸው። ቢሆንም ሰው የሚያስታውሰውን ስም ፍለጋ ላይ ይጽፋል፤ አሮጌው አድራሻም ይቀበለዋል። በጥቅምት 2020 ሊብሬ ኦፊስን የሚያስተዳድረው ዶክዩመንት ፋውንዴሽን፣ አፓቺ ኦፕን ኦፊስ ለጎብኚዎቹ የሊብሬ ኦፊስን መኖር እንዲነግር የሚጠይቅ ግልጽ ደብዳቤ እስከ መጻፍ ደርሷል። ገንቢዎቹ ሲሄዱ ኮዱን ይዘው መሄድ ችለዋል፤ በጎብኚ የሚታወቀውን አድራሻ ግን መቅዳት አይቻልም።

ሌላው ጉዳይ እምነት ነው። በ1999 የተመሠረተው ሶርስፎርጅ ለብዙ ፕሮጀክቶች ፋይል ማከፋፈያ ሆኖ አገልግሏል፤ ነገር ግን ገጾቹ ላይ «አውርድ» የሚሉ አሳሳች ማስታወቂያዎች እየበዙ፣ ከፋይሎቹም ጋር ያልተፈለጉ ፕሮግራሞችን የሚያቀርብ መጫኛ እየመጣ ሲሄድ፣ የምስል ማስተካከያው ጊምፕ በ2013 የዊንዶውስ ፋይሎቹን ከዚያ አነሣ። በ2016 የመጡት አዲሶቹ ባለቤቶች ያንን አሠራር አስቀርተውታል። በዚያው ዓመት የካቲት ላይ ደግሞ የሌላው የሊኑክስ ስርጭት የሊኑክስ ሚንት ድረ ገጽ ተሰብሮ፣ የማውረጃው ሊንክ ለሰርጎ ገቦች በር የሚከፍት ፋይል ወዳለበት እንዲያመራ ተደርጎ ነበር። በማውረጃ ገጾች ላይ የሚታየው ረጅም የፊደልና የቁጥር ሰንሰለት፣ ቼክሰም የሚባለው፣ የወረደው ፋይል በመንገድ ላይ አለመቀየሩን ማረጋገጫ ነው፤ አጥቂው ገጹን ራሱን ከያዘ ግን ቼክሰሙንም ሊቀይረው ስለሚችል፣ ጠንቃቃ ፕሮጀክቶች በዲጂታል ፊርማ ያጸኑታል። ጀማሪ ይህን ያረጋግጣል ብሎ መጠበቅ ግን የዋህነት ነው፤ ሸክሙን መሸከም ያለበት ገጹ ነው።

ስለ ቋንቋ ብዙ መናገር ይቻል ነበር፤ አንድ ምሳሌ ይበቃል። በ2017 ኮዱ የተከፈተው ኪማን የተባለው የኪቦርድ ሶፍትዌር፣ ጎብኚው የቋንቋውን ስም ጽፎ ኪቦርዱን እንዲፈልግ ያደርጋል፤ አማርኛ ብሎ የፈለገ ሰው ስለ ሶፍትዌሩ አሠራር ምንም ሳያነብ የሚጭነውን ያገኛል። ሊብሬ ኦፊስም ምናሌዎቹን በአማርኛ ማሳየት ይችላል፤ ሆኖም ይህን መኖሩን ያልሰማ አማርኛ ተናጋሪ ከማውረጃ ገጹ ላይ በቀላሉ ይረዳዋል ብዬ አላምንም።

ይህ ሁሉ የሚመለከተው በአብዛኛው በዊንዶውስና በማክ ኮምፒውተር የሚጠቀመውን ሰው ነው። ሊኑክስ ላይ ያለ ሰው ቪኤልሲን ሲፈልግ አንድ ትእዛዝ ጽፎ ከስርጭቱ ማከማቻ ያመጣዋል፤ የፕሮጀክቱን ገጽ ምናልባት ፈጽሞ አይጎበኝም። በስልክ ደግሞ ፕሌይ ስቶር፣ ወይም ኦፕን ሶርስ አፕሊኬሽኖችን ብቻ የሚያቀርበው ኤፍድሮይድ፣ የመነሻ ገጹን ቦታ ይይዛሉ፤ እዚያ አዲሱ ሰው የሚያነበው ጥቂት መስመር መግለጫና ጥቂት የስክሪን ምስሎች ስለሆኑ፣ ያለ ምስል ወይም «ስሕተቶች ተስተካክለዋል» በሚል መግለጫ ብቻ የሚቀርብ አፕሊኬሽን ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን ጭኖ የሚሞክረው ጥቂት ነው።