ሥዕለ አድኅኖ ምንድን ነው?

ጎንደር ውስጥ ቤተ ክርስቲያን ገብታችሁ በመጋረጃ የተሸፈነ ሥዕል ካያችሁ ለጌጥ የተሰቀለ እንዳይመስላችሁ። ሥዕለ አድኅኖ ነው። የጌታችን፣ የእመቤታችን፣ የመላእክት ወይም የቅዱሳን ሥዕል ሊሆን ይችላል። ምእመኑ ፊቱ ቆሞ ይጸልያል፣ ይሳላል። ስለቱ ሲሰምርለት ጧፍ፣ ጃንጥላ ወይም አዲስ መጋረጃ ይዞ ይመጣል። ጸሎቱ ለቀለሙና ለእንጨቱ ሳይሆን ለባለ ሥዕሉ ነው።

የዚህ ነገር ክብደት የሚገባን በደህና ቀን ሳይሆን በወረርሽኝ ጊዜ ይመስለኛል። በ1762 ዓ.ም. ጎንደርን ፈንጣጣ ገብቶባት ነበር። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ የደረሰው ያኔ ነው። በሽታው ቁስቋም፣ እቴጌ ምንትዋብ ግቢ ድረስ ዘልቆ የመኳንንቱን ልጆች ጥሏቸዋል። ብሩስ በርና መስኮቱን አስከፈተ። ቤቱን በዕጣንና በከርቤ አሳጠነ፣ በሙቅ ውሃና በሆምጣጤ አሳጠበ። በዚያ ዘመን ከዚህ ብዙ የሚያልፍ ሕክምና አልነበረም። የተረፈው ተረፈ፣ የሞተውም ሞተ። ልጇ አልጋ ላይ የወደቀባት እናት ሥዕሉ ፊት ብትንበረከክ ማን ይፈርድባታል?

የዘመኑን ሥዕሎች ስታዩ ወደ ታችኛው ጠርዝ ተመልከቱ። ከእመቤታችን እግር ሥር አንድ ትንሽ ሰው በግንባሩ ተደፍቶ ታገኛላችሁ። ሥዕሉን ያሠራው ሰው ነው። አጠገቡ በግእዝ «ዘከመ ተማኅፀነ»፣ ማለትም «እንደ ተማጸነ» ተብሎ ይጻፋል። ጣና ላይ ባለችው ናርጋ ሥላሴ እቴጌ ምንትዋብ ራሳቸው እንዲህ ተሥለዋል። ያን የሚያህል ሥልጣን ይዘው መሬት ላይ ተደፍተዋል። እኔን በጣም የሚነካኝ ሠዓሊው የመረጠው ቅጽበት ነው። የሣለው የደረሰ ስለት አይደለም፤ ሰውዬው ገና እየለመነ ነው።

ከሁሉም ሥዕሎች የጎንደር ነገሥታት ልባቸውን የጣሉበት ኩርዓተ ርእሱ ነበር፤ የእሾህ አክሊል የደፋው፣ የተሠቃየው የክርስቶስ ፊት። ዘመቻ ሲወጡ ይዘውት ይወጡ ነበር። በ1736 ዓ.ም. በዛሬዋ ሱዳን ከነበረው ከስናር መንግሥት ጋር በተደረገው ጦርነት ተማረከ፤ በቤዛ ተመለሰ። በ1860 ዓ.ም. ደግሞ መቅደላ ላይ እንግሊዞች ወሰዱት። እስካሁን አልተመለሰም፤ ይህ ያንገበግበኛል። ከውጭ አገር ሠዓሊ እጅ የወጣ ነው ይባላል፤ ይሁን። ሕመሙን የሚያውቅለት አምላክ ፊት መቆም ለሚሻ ሰው ግን ማን ሣለው የሚለው ሁለተኛ ጥያቄ ነው።

ደብረ ብርሃን ሥላሴ ከሄዳችሁ ሰዉ ሁሉ ቀና ብሎ ጣሪያው ላይ ያሉትን የመላእክት ፊቶች ነው የሚያየው። እውነትም ያምራሉ። ግን ወደ መቅደሱ ግድግዳም ዞር በሉ፦ ሥላሴ ከላይ፣ ስቅለቱ ከሥራቸው።