ቢዝነስና እንግሊዝኛ በኢትዮጵያ ኮሌጆች

በኢትዮጵያ ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎች አካውንቲንግ፣ ማኔጅመንት ወይም ማርኬቲንግ የሚያጠና ተማሪ እንግሊዝኛን ሁለት ጊዜ ይማራል። አንዴ ራሱን በቻለ ኮርስ፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ ሳይታወቀው በቀሩት ኮርሶች ሁሉ ውስጥ። ቢዘገይ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ የማስተማሪያ ቋንቋው እንግሊዝኛ ስለሆነ መጽሐፉም፣ ሃንድአውቱም፣ ፈተናውም በዚያው ቋንቋ ነው። መምህሩ ነገሩ ሲከብድ ወደ አማርኛ ወይም ተማሪዎቹ ወደሚያውቁት ሌላ ቋንቋ መሻገሩ አይቀርም፤ የፈተናው ወረቀት ግን አይሻገርም።

የንግድ ሥራ ትምህርት በአገሪቱ ከዩኒቨርሲቲ ይቀድማል። ሰንጋ ተራ የነበረው፣ ሕዝቡ በአጭሩ «ኮሜርስ» የሚለው የአዲስ አበባ ንግድ ሥራ ትምህርት ቤት የተከፈተው በ1935 ዓ.ም. ነው። አገሪቱ ከጣሊያን ወረራ ከወጣች ገና ሁለት ዓመቷ ነበር፤ የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክም ሥራ የጀመረው በዚሁ ዓመት ነው። እንደገና ለሚቋቋም መንግሥት መዝገብ የሚይዝ፣ ደብዳቤ የሚያረቅ፣ ታይፕ የሚመታ ሰው ያስፈልገው ነበር። ትምህርት ቤቱ በኋላ ኮሌጅ ሆነ፣ ቆይቶም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ገባ። ሰንጋ ተራ ዛሬ የባንኮች ፎቅ የተደረደረበት ሰፈር መሆኑን ለሚያይ ሰው፣ ትምህርት ቤቱ ሠራተኛውን ቀድሞ አሠልጥኖ ባንኮቹን የጠበቃቸው ይመስላል።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የተከፈተው በ1943 ዓ.ም. ነው፤ ይመሩት የነበሩት ካናዳዊው ኢየሱሳዊ (የካቶሊክ ማኅበር አባል) ሉሲየን ማት ነበሩ። የማስተማሪያ ቋንቋው ከመጀመሪያው እንግሊዝኛ ነበር። ራሱን የቻለ የቢዝነስ አስተዳደር ኮሌጅ የመጣው ግን በ1950ዎቹ አጋማሽ፣ ተቋሙ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ከተባለ በኋላ ነው። የዚያ ኮሌጅ ወራሽ የሆነውን ክፍል ብዙ ምሩቃን ዛሬም «ኤፍቢኢ» (የቢዝነስና ኢኮኖሚክስ ፋኩልቲ በእንግሊዝኛ ሲያጥር) ነው የሚሉት፤ መሥሪያ ቤቱ ስሙን ቢለውጥም የተማሪ አፍ ቶሎ አይለወጥም።

በግሉ ዘርፍ ሁለቱ ትምህርቶች ከዚህም በላይ የተጋመዱበት ታሪክ አለ። በአገሪቱ የመጀመሪያው የግል ዩኒቨርሲቲ የሆነው ዩኒቲ፣ እ.ኤ.አ. በ1991 ሲጀምር የቋንቋ ትምህርት ቤት ነበር። እንግሊዝኛ ሊያሻሽል የመጣው ሰው ቀጥሎ የሚፈልገው አካውንቲንግ መሆኑን ገበያው ራሱ ለመሥራቾቹ ነገራቸው ማለት ይቻላል።

አሁን ወዳለው አሠራር እንምጣ። በ1990ዎቹ አጋማሽ የመሰናዶ ትምህርት ሲመጣ ፍሬሽማን የሚባለው የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ዓመት ቀርቶ፣ የቢዝነስ ዲግሪ ሦስት ዓመት ሆኖ ነበር። በ2012 ዓ.ም. ፍሬሽማን ተመለሰ፤ ዲግሪውም አራት ዓመት ሆነ። ተማሪው በዚህ የመጀመሪያ ዓመት ሎጂክ፣ ሳይኮሎጂ፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ታሪክና ጂኦግራፊ፣ ሒሳብ፣ ኢኮኖሚክስና ሥራ ፈጠራ ሲወስድ፣ እንግሊዝኛው «ኮሙኒኬቲቭ ኢንግሊሽ» በሚል ስም በሁለት ኮርስ ተከፍሎ ይሰጠዋል። ማዳመጥ፣ መናገር፣ ማንበብ፣ መጻፍ፣ በየመካከሉም ሰዋስው። አርዕስቶቹ ስለ ቅርስና አገር በቀል ዕውቀት ሁሉ ያነሣሉ። ተማሪው መናገር ሳይለምድ ካለፈ፣ ችግሩ ያለው በሞጁሉ (በኮርሱ መጽሐፍ) አይመስለኝም። በጠበበ ክፍል ብዙ ተማሪ በሚታጨቅበት ቦታ «መናገር» የተባለው ክፍለ ጊዜ ከፊት ወንበር የተቀመጡት የሦስትና የአራት ተማሪዎች ጉዳይ ሆኖ ይቀራል።

ሁለተኛ ዓመት ላይ ዋናው ትምህርት ሲጀመር አዲስ ነገር ይከተላል። ዴቢት፣ ክሬዲት፣ ሌጀር፣ አድጀስትመንት የሚባሉትን ቃላት ተማሪው የሚያውቃቸው በእንግሊዝኛ ብቻ ነው። አማርኛው የለም ማለት አይደለም፤ የዕዳና ሀብት መግለጫ፣ የትርፍና ኪሳራ መግለጫ፣ የሂሳብ መዝገብ ሁሉ በመንግሥት ደብዳቤና በጋዜጣ አሉ። ተማሪው ግን የሚያገኛቸው ሥራ ከያዘ በኋላ ስለሆነ፣ ባላንስ ሺት ሠርቶ የሚያድር ልጅ ለነጋዴ አባቱ የሠራውን ለማስረዳት ሲንተባተብ ይታያል።

መጽሐፎቹ ለረጅም ጊዜ ከአሜሪካ የመጡ ስለነበሩ የዓመቱ መዝጊያ ታኅሣሥ 22 ገደማ የሚውለው የፈረንጆቹ ዲሴምበር 31 ነው። የኢትዮጵያ በጀት ዓመት የሚያልቀው ደግሞ ሰኔ 30 ነው። ተማሪው ክፍል ውስጥ በዶላር፣ በፈረንጅ ወር ያስተካከለውን ሂሳብ በተግባር ልምምድ ወቅት በብር፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ያገኘዋል። አገርኛው ነገር በግልጽ የሚገባው ፔሮል (የደመወዝ መክፈያ ሂሳብ) ላይ ነው፦ ከሠራተኛው 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ የጡረታ መዋጮ፣ ከፍተኛው እርከን 35 በመቶ የሚደርስ የደመወዝ ግብር። ብዙ ተማሪ አካውንቲንግ የእውነት ሥራ መሆኑ የሚገባው እዚህ ላይ ነው፤ ምክንያቱም የሚቆረጠው የእናቱ ወይም የታላቅ ወንድሙ ደመወዝ ነው። ከአዋጅ ቁጥር 847/2006 በኋላ ደግሞ አገሪቱ ወደ ዓለም አቀፍ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃዎች መግባት ስለጀመረች፣ ባንኮችና መድን ድርጅቶችም ቀድመው ስለገቡበት፣ በአሜሪካ ደረጃ የተቃኘው ትምህርት ተከትሎ መለወጥ ነበረበት።

እንግሊዝኛን እንደ ዋና ትምህርት የሚያጠኑት የፎነቲክስ፣ የሥነ ጽሑፍ፣ የላቀ ጽሕፈትና የትርጉም ኮርሶችን ይወስዳሉ። ይህ የትምህርት ክፍል በምርጫ ቅጽ ላይ ከአካውንቲንግ በታች መሞላቱ የተለመደ ነው። ያሳዝናል፤ የቢዝነስ ተማሪዎቹን ሪፖርትና የሥራ ደብዳቤ የሚያርሙት ከዚያ ክፍል የወጡ መምህራን ናቸውና።

የማታው ክፍል ሌላ ዓለም ነው። በኤክስቴንሽን የሚማሩት አብዛኞቹ ቀን ሲሠሩ የሚውሉ ናቸው፦ የባንክ ገንዘብ ተቀባይ፣ የመጋዘን ጠባቂ፣ የቢሮ ጸሐፊ። እነሱ ፒችትሪን፣ የሂሳብ አያያዝ ሶፍትዌሩን፣ በሥራ ቦታ ነክተውት ይሆናል፤ እንግሊዝኛው ግን ከትምህርት ቤት ከወጡ ዓመታት አልፎታል። የቀን ተማሪው በተቃራኒው ነው፤ ቃሉን ያውቃል፣ ደረሰኙን አላየም። ሁለቱን አንድ ክፍል ማስቀመጥ ቢቻል ጥሩ ጥናት ይወጣው ነበር።

ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በአገር አቀፍ ደረጃ የመውጫ ፈተና አለ። ለመመረቅ 50 በመቶ ማምጣት ግድ ነው፤ የመንግሥትም የግልም ኮሌጅ ተማሪ ይፈተናል። ጥያቄዎቹ የምርጫ ናቸው፣ ቋንቋውም እንግሊዝኛ። ሲንየሮች ለታናናሾቻቸው ከሚሰጡት ምክር ውስጥ ስለ ዴቢትና ክሬዲት የሆነው ጥቂቱ ነው። የሚበዛው፣ በጥያቄው መጨረሻ ላይ ያለችውን «ኤክሴፕት» («በስተቀር») የምትል ቃል ሳያዩ እንዳያልፉ ነው።