የግዴታ አፕግሬድ ምንድን ነው?

«ና እስኪ ድረስልኝ፣ ጳጉሜን የሚባል ወር የለም እያለኝ ነው!»

የደወለችልኝ ኮምቦልቻ አንድ የሕንፃ መሣሪያ መደብር ውስጥ ሒሳብ የምትይዝ እህታችን ናት። እኔ ደሴ ፒያሳ ኮምፒውተር እጠግናለሁ፣ ፕሮግራም እጭናለሁ፣ ማመልከቻም እተይባለሁ። ሚኒባስ ይዤ፣ ሐረጎን ወርጄ ስደርስ ልታለቅስ ምንም አልቀራትም። 9 ዓመት ሙሉ የሠራችበትን የሒሳብ ፕሮግራም አቅራቢው «ከመስከረም 1 ጀምሮ አይሠራም፣ ከአሁኑ ወደ አዲሱ ግቡ» ብሎ አስቀይሯታል። አዲሱ ሲያዩት ያምራል። ቀለሙ፣ ግራፉ፣ ሁሉ ነገሩ። የመጋዘን ዕቃ ማውጫው ላይ ጳጉሜን 2 ብላ ስትጽፍ ግን ቀይ መስመር አውጥቶ አልመዘግብም ይላል። ደውላ ስትጠይቅ «እሱ ገና ነው፣ በሚቀጥለው ማሻሻያ ይገባል» አሏት። ደንበኛው ደግሞ ቆርቆሮና ሚስማሩን ጋሪ ላይ ጭኖ ወረቀቱን እየጠበቀ ነው።

የግዴታ አፕግሬድ የምለው ይሄንን ነው። እጃችሁ የለመደውን፣ ሥራችሁን በደንብ እየሠራ ያለውን ፕሮግራም ባለቤቱ ቀን ቆርጦ ይዘጋባችኋል፤ ወደ አዲሱ ግቡ ይላችኋል፤ አዲሱ ቤት ግን ገና በርና መስኮት አልተገጠመለትም።

ቃላቱን እንለያቸው፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። አፕዴት ማለት ያው የያዛችሁት ፕሮግራም ስህተቱ ሲታረም፣ ቀዳዳው ሲደፈን ነው። አፕግሬድ ከዚያው ፕሮግራም ወደ ቀጣዩ እትም መሸጋገር ነው። ሦስተኛው መተካት ነው፤ ስሙ ያው፣ አርማውም ያው ሆኖ ውስጡ ግን ከዜሮ የተጻፈ ሌላ ፕሮግራም ይሰጣችኋል። ሻጮቹ ሦስቱንም «ማሻሻያ» ነው የሚሏቸው። ስለዚህ ማሻሻያ መጣ ስትባሉ መጀመሪያ የምትጠይቁት «የትኛው ነው?» ብላችሁ ነው። ያቺ ልጅ የገጠማት ሦስተኛው ነበር፤ የነገሯት ግን የመጀመሪያውን አስመስለው ነው።

አጠገቧ ቁጭ ብዬ ስትሠራ አየኋት። በአሮጌው ዓይኗ ወረቀቱ ላይ ነው፣ እጇ ኪቦርዱ ላይ። ኮድ፣ ኢንተር፣ ብዛት፣ ኢንተር፣ ኤፍ 9፣ አለቀ፤ ፕሪንተሩ መጮህ ይጀምራል። ስክሪኑን የምታየው መጨረሻ ላይ አንዴ ነው። በአዲሱ ለአንድ ዕቃ ማውጫ አራት ገጽ ትከፍታለች፣ በእያንዳንዱ ላይ ማውሱን ይዛ ትንሿን ቁልፍ ትፈልጋለች፣ ኔትወርክ ሲጠፋ ደግሞ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ የሚሠራው በኢንተርኔት ብቻ ነዋ። 9 ዓመት በእጇ ውስጥ የገባ ሙያ ነው በአንድ ቀን የተወሰደባት። ይሄንን «ለውጥ አትወድም» ብለው ሲያልፉት በጣም ያናድደኛል። ሥራዋን ነው የምትወደው።

አዲሱ ለምን ጎደሎ ሆኖ ይመጣል?

አሮጌ ፕሮግራም በአንድ ጀንበር አልተሠራም። መጀመሪያ ሲወጣ እሱም ጎደሎ ነበር። ከዚያ አንዱ ጳጉሜን አይቀበልም ብሎ ጮኸ፣ ተጨመረለት። ሌላዋ የተመለሰ ዕቃ የምመዘግብበት የለም አለች፣ ተጨመረላት። እንዲህ እንዲህ እያለ 10 ዓመት፣ 15 ዓመት ሲጠራቀም እያንዳንዷ ትንሽ ቁልፍ የአንድ ሰው ችግር መፍትሔ ሆና ቁጭ አለች። አዲሱን ከዜሮ የሚጽፉት ልጆች ትልልቁን ያያሉ፤ ሽያጭ፣ ግዢ፣ ሪፖርት። ትንንሾቹ ተረስተው ይቀራሉ፣ ወይም «በኋላ እንጨምራለን» ይባላሉ። ሰው ግን ሥራውን የሚጨርሰው በትንንሾቹ ነው። ደመወዝ ላይ ጳጉሜን የለችም፤ ዕቃ ግን ጳጉሜንም ይሸጣል።

ታዲያ ሳያልቅ ለምን ይገፉናል? ሁለት ፕሮግራም ጎን ለጎን መያዝ ወጪ ነው። ስህተት ሲገኝ ሁለቱም ላይ ማረም አለ፣ ስልክ የሚያነሳው ሠራተኛ ሁለቱንም ማወቅ አለበት። አዲሱ ብዙ ጊዜ በየወሩ ክፍያ ነው፣ አሮጌው አንዴ ተገዝቶ ያለቀ። ይሄ ሁሉ ለእነሱ እውነተኛ ምክንያት ነው፣ አልክድም። ግን ያላለቀውን ሥራ የማስጨረሱን ዕዳ በተጠቃሚው ትከሻ ላይ ይጥለዋል፣ ማንም ሳይጠይቀው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንላለን፤ እዚህ ግን የብብታችንን የሚያስጥሉን ሌሎች ናቸው።

በትልልቆቹም ላይ ደርሷል። ሶኖስ የሚባለው የአሜሪካ የድምፅ ማጉያ ኩባንያ በግንቦት 2024 እ.ኤ.አ. የስልክ አፑን ከዜሮ ጽፎ በአሮጌው ቦታ ተካው። የማንቂያ ደወል ማስተካከያውና ተጠቃሚው የለመዳቸው ሌሎች ነገሮች አልነበሩበትም። ሰው አሮጌውን መልሱልን አለ፤ አልመለሱትም። ሥራ አስፈጻሚው በሐምሌ ይቅርታ ጠየቀ፣ በጥር 2025 እ.ኤ.አ. ከቦታው ለቀቀ። ዊንዶውስ 11 ራሱ በጥቅምት 2021 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ፋይል ጎትቶ ታስክባር ላይ፣ ማለትም ከስክሪኑ ግርጌ ያለው ረድፍ ላይ፣ መጣል አይቻልም ነበር። በዊንዶውስ 10 የሚሠራ ነገር ነው፤ የተመለሰው በቀጣዩ ዓመት ነው።

በደንብ የተደረገም አለ። የወሎ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ተማሪዎች ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ያውቁታል። ፓይተን 3 በ2008 እ.ኤ.አ. ወጣ፣ ፓይተን 2 ግን ድጋፉ የቆመው በጥር 2020 እ.ኤ.አ. ነው። መጀመሪያ 2015 ብለው ነበር፤ ሰዉ እንዳልተሻገረ ሲያዩ 5 ዓመት ጨመሩ። አሮጌው በር የተዘጋው አዲሱ ቤት ሰው ከገባበት በኋላ ነው።

አሮጌ ሁሉ ይቆይ እያልኩ እንዳይመስላችሁ። የእኛኑ ፊደል ውሰዱ። ድሮ በቪዥዋል ግዕዝና በመሳሰሉት የአማርኛ መተየቢያ ፕሮግራሞች ስንተይብ የአማርኛው ፊደል የተቀመጠው በእንግሊዝኛው ፊደል ቦታ ላይ ነበር። ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ላይ ስትከፍቱት ሀ የነበረው ሌላ ምልክት ሆኖ ይወጣል። ዛሬም ፍላሽ ይዞ መጥቶ «የመመረቂያ ጽሑፌ ተበላሸብኝ» የሚለኝ አለ። «አብሽር፣ አልጠፋም» እለዋለሁ፤ ፎንቱን እጭናለሁ፣ ከዚያ ወደ ዩኒኮድ፣ ለየቋንቋው ፊደል የራሱን ቁጥር ወደሚሰጠው የዓለም ሥርዓት፣ እቀይርለታለሁ። ዩኒኮድ በ1999 እ.ኤ.አ. ለግዕዝ ፊደል የራሱን ቦታ ሰጠው፤ በ2007 እ.ኤ.አ. ለገበያ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ ደግሞ ኒያላ የሚባለውን የአማርኛ ፎንት ይዞ መጣ። አሁን በስልካችን ያለ ሐሳብ የምንጻጻፈው በዚያ ምክንያት ነው። ያ ለውጥ ያስፈልግ ነበር። ቢሆንም አሮጌው ጽሑፍ ወደ አዲሱ የሚሻገርበት መቀየሪያ ባይኖር ስንት ሰው ልፋቱ ውሃ ይበላው ነበር!

የደኅንነቱም ነገር ቀልድ አይደለም። ዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ድጋፍ አበቃ ማለት ኮምፒውተሩ ቆመ ማለት አይደለም፤ አዲስ ቀዳዳ ሲገኝ የሚደፍንለት የለም ማለት ነው። ማይክሮሶፍት ለተመዘገበ ግለሰብ አንድ ተጨማሪ ዓመት የደኅንነት ማሻሻያ ፈቅዷል። ወደ 11 ግቡ ቢባልም 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕ ይፈልጋል፣ ፕሮሰሰሩ (የኮምፒውተሩ አንጎል) ኢንቴል ከሆነ ከሞላ ጎደል 8ኛ ትውልድና ከዚያ በላይ። እኔ ጋ ለጥገና የሚመጡት ብዙዎቹ ያገለገሉ ላፕቶፖች ናቸው፣ 4ኛ ትውልድ፣ 6ኛ ትውልድ። ባለቤቱ ፈቃደኛ ቢሆን እንኳ ማሽኑ አይፈቅድም። እንዲህ ያለውን ማሽን ከኢንተርኔት አውጥቶ ለትየባ ብቻ መጠቀም ይቻላል፤ ባንክና ኢሜይል ግን አትክፈቱበት።

ቀን ተቆርጦላችሁ ከሆነ እኔ ከዚያች ልጅ ጋር ያደረግነውን ልንገራችሁ። መጀመሪያ መረጃውን በሙሉ ገልብጠን ሁለት ቦታ አስቀመጥን፣ አንዱን ከመደብሩ ውጭ። ሪፖርቶቹን ፒዲኤፍ አድርገን አወጣን፣ አሮጌው ቢዘጋም ይነበባሉ። ከዚያ አሮጌውን ከኢንተርኔት ነቅለን ሌላ ማሽን ላይ አቆየነው። ለአቅራቢው በደብዳቤ፣ ማኅተም አድርገን፣ 6 ወር እንዲያራዝም ጠየቅን። በስልክ ስትጠይቅ «አይቻልም» ያሏት ሰዎች በደብዳቤ ሲሆን ፈቀዱ። በደብዳቤው ላይ አዲሱ የማይሠራቸውን አንድ በአንድ ዘረዘርን። «አስቸጋሪ ነው» ብለን አልጻፍንም፤ «ጳጉሜን 2 አይመዘግብም፣ ሥዕሉ ተያይዟል» ብለን ነው። ዝርዝሩ 14 ደረሰ።

አንድ ነገር በጣም አደራ የምላችሁ፣ አዲሱን ሻጩ በሚያሳያችሁ ማሳያ (ዴሞ) አትመዝኑት። ማሳያ ላይ ሁሉም ይሠራል። አንድ ሙሉ ወር አሮጌውና አዲሱ ላይ ጎን ለጎን መዝግባችሁ፣ ወሩን ዘግታችሁ፣ የሁለቱን ድምር አስተያዩ። ድካም ነው፣ አውቃለሁ። ልጅቷ ጥቅምትን በሙሉ እስከ ማታ እየቆየች ሁለት ጊዜ መዝግባለች፤ አዲሱ ቅናሽ የተደረገበትን ዕቃ ሁለት ጊዜ እንደሚቀንስ ያገኘችውም እዚያ ነው። ያ ስህተት ሳይታይ ቢያልፍ ኖሮ ጉድለቱ በእሷ ስም ነበር የሚጻፈው።

ባለፈው ሳምንት ደወለችልኝ። ጳጉሜን ገብታለች፣ ቅናሹም ተስተካክሏል። ከ14ቱ 5 ቀርተዋል። የተመለሰ ዕቃ መመዝገቢያው ገና ስላልመጣ፣ ደንበኛ ዕቃ ሲመልስ ጥግ ላይ ያለውን አሮጌ ማሽን ታበራና ኤፍ 9ን ትጫናለች።